ሄመርደን፦ ገዢ እያለው የተዘጋ ማዕድን

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከፕሊማውዝ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው የሄመርደን መንደር አጠገብ አንድ ኮረብታ አለ። በዓለም ከሚታወቁት ትልልቅ የተንግስተን ክምችቶች አንዱ በውስጡ ነው። ማዕድኑ መኖሩ በ1867 ከታወቀ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቦታው ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ሦስት ጊዜ ተዘግቷል።

ተንግስተን የገባበት ብረት፣ መቁረጫው ግሎ ቢቀላ እንኳ ስለቱ አይዶለዱምም። የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ያለ እሱ መሥራት ያቃታቸው በዚህ የተነሳ ነው። ይሁንና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከብሪታኒያ ግዛቶች የሚወጣው ማዕድን የሚጣራው በአብዛኛው ጀርመን ውስጥ ነበር፤ የሼፊልድ ብረት ሠሪዎችም የተጣራውን ከዚያው መልሰው ይገዙ ነበር። በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ ማዕድኑ በብሪታኒያ እጅ፣ ማጣሪያው በጠላት እጅ ሆኖ ተገኘ።

ሄመርደን የተከፈተው በዚያ ጦርነት ጊዜ ነው። ገዢው መንግሥት ስለነበር ስለ ደንበኛ የሚጨነቅ አልነበረም። ጦርነቱ አብቅቶ መንግሥት በጦርነት ዋጋ መግዛቱን ሲተው ግን ሥራው ቆመ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ታሪኩ ተደገመ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው አቅርቦት ሲመለስ በ1944 ዳግም ተዘጋ።

ሦስተኛውን ሙከራ ያደረገው ዎልፍ ሚነራልስ የተባለ የአውስትራሊያ ኩባንያ ነው። ቦታውን በ2007 ያዘ። ባለሀብቶቹ ካለፈው የተማሩ ይመስላሉ፤ አንድ ድንጋይ ሳይፈጭ ከምርቱ 80 በመቶ ያህሉን የሚወስዱ ሁለት ደንበኞች፣ የኦስትሪያው ዎልፍራም ቤርግባው እና የአሜሪካው ግሎባል ተንግስተን፣ ውል ገቡ። በ2015 ፋብሪካው ሲመረቅ በብሪታኒያ ከ40 ዓመት በላይ ያልታየ አዲስ የብረታ ብረት ማዕድን ተብሎ ተወደሰ። የአክሲዮን ገዢዎች ጭንቀት የዓለም ዋጋ ነበር፤ በእርግጥም ፋብሪካው ሥራ በጀመረበት ዓመት ዋጋው ክፉኛ ወረደ።

ትልቁ ችግር ግን ከዚያው ከፋብሪካው ወለል ላይ ነበር። አሠራሩ በክብደት ላይ የቆመ ነው። ተንግስተኑን የያዘው ዎልፍራማይት የተባለ ጥቁር ማዕድን ከግራናይት በብዙ ይከብዳል። የተሰበረው ድንጋይ የብረትና የሲሊከን ቅይጥ ዱቄት በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ሲገባ ተራው ድንጋይ ይንሳፈፋል፣ ዎልፍራማይቱ ይሰጥማል። ቀጥሎ በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ ይታጠባል፤ መጨረሻ ላይ ማግኔት አብሮት ካለው የቲን ማዕድን ይለየዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ድንጋዩ ደህና መጠን ሲኖረው ነው።

የኮረብታው የላይኛው ክፍል ደግሞ በዘመናት ብዛት ወደ ሸክላ አፈርነት የተለወጠ ለስላሳ ግራናይት ነው። እዚያው ጎረቤት ያሉት የሊ ሙር ጉድጓዶች ለሸክላ ዕቃ የሚሆን ነጭ አፈር ሲያወጡ የኖሩትም ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ነው። ወደ ፋብሪካው የገባው ደቃቅ ከታሰበው እጅግ በለጠ፤ ዱቄት የሆነው ዎልፍራማይት ክብደቱ ሳይረዳው ከጭቃው ጋር አብሮ ሄደ። ለደንበኞቹ በውል የተነገረው መጠን ሊሞላ አልቻለም። በዚህ ላይ የትልልቆቹ ወንፊቶች ዝቅተኛ ጉምጉምታ የአካባቢውን ነዋሪ እንቅልፍ ነሳ፤ ሰዎቹ ያቀረቡት አቤቱታ ተገቢ ነበር።

በ2018 አጋማሽ ዋጋው አገግሞ ነበር። ደንበኞቹም አልሸሹም። እንዲያም ሆኖ ኩባንያው በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ከሰረ። ባለሀብቶቹ ከሁለቱ ጦርነቶች የወሰዱት ትምህርት ግማሽ ነበር ማለት ይቻላል፤ ገዢን አስቀድሞ ማሰር ተምረዋል፣ የላይኛውን ለስላሳ ድንጋይ ባሕርይ ግን የሚገባውን ያህል አልመረመሩም።

በ2019 ተንግስተን ዌስት የተባለ ኩባንያ ቦታውን ገዛ፣ በ2021ም በለንደን የአክሲዮን ገበያ ገባ። ከዓለም ምርት 80 በመቶ ያህሉን የምታመርተው ቻይና በየካቲት 2025 በወጪ ንግዱ ላይ ቁጥጥር ስትጥል፣ ዋጋው ሽቅብ ወጣ፤ ከቻይና ውጭ ያለ እያንዳንዱ ማዕድንም ፈላጊው በዛ። የአዲሱ ባለቤት እቅድ አብዛኛው ያተኮረው በፋብሪካው ላይ ነው፦ ድንጋዩ ወደ ከባዱ ፈሳሽ ከመግባቱ በፊት የኤክስሬይ ማሽን ባዶውን እየለየ እንዲጥል፣ ነዋሪውን ያወኩት ወንፊቶችም እንዲለወጡ።