የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፦ ወላጆችና አሳዳጊዎች ሊያደርጉት የሚገባ ድጋፍ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች ለዓመታት የተማሩት ትምህርት የሚመዘንበት በመሆኑ ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለመላው ቤተሰብ ከባድ ወቅት ነው። ከ2015 ዓ.ም መጀመሪያ አንስቶ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች እየተሰጠ ይገኛል። በዚህም ምክንያት በርካታ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰባቸው ተለይተው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ያድራሉ። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ በእነዚያ ቀናት ወላጅ ልጁን ደውሎ ሊያበረታታም ሆነ ሊያጽናና አይችልም። ስለሆነም የወላጅ ድጋፍ ፍሬ የሚያፈራው ከፈተናው በፊት ባሉት ወራት ነው። ይህ መረጃ ወላጆችና አሳዳጊዎች በዚህ ጊዜ ሊያከናውኗቸው የሚገቡ ተግባራትን ያብራራል።

ስለ ፈተናው በቅድሚያ መታወቅ ያለበት

ተማሪዎች ፈተናውን የሚወስዱት በተፈጥሮ ሳይንስና በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ተከፍለው ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ በሁለቱም ዘርፍ ይሰጣሉ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በተጨማሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናሉ።

በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ለመግባት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ተማሪዎች ይህን ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም ቁጥሩ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሷል። እነዚህ አኃዞች ለወላጆች ሁለት ቁም ነገሮችን ያመለክታሉ። አንደኛ፣ ፈተናው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጥድፊያ የሚሸፈን ባለመሆኑ ቀደም ያለና የማያቋርጥ ዝግጅት ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ 50 በመቶ ያላመጣ ልጅ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም፤ ቤተሰብም ለሁለቱም ውጤት አስቀድሞ ራሱን ማዘጋጀት ይገባዋል።

የጥናት ጊዜና ቦታ ማመቻቸት

ወላጅ ለልጁ ሊሰጠው ከሚችለው ሁሉ ቀዳሚው ጊዜ ነው። በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ውኃ መቅዳት፣ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብና ታናናሾችን መጠበቅ በሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። ወንድሟ መጽሐፉን ይዞ ሲቀመጥ እሷ ጥናት የምትጀምረው ሁሉም ከተኛ በኋላ ይሆናል። ሁለቱም የሚቀመጡት ለአንድ ዓይነት ፈተና በመሆኑ ሥራውን ለቤተሰቡ አባላት ሁሉ ማከፋፈል ተገቢ ነው። በገጠር የፈተናው ጊዜ ከክረምቱ እርሻ ሥራ ጋር ስለሚገጣጠም የተማሪውን ድርሻ ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ መመካከር ያስፈልጋል።

ለጥናት የተለየ ክፍል የሌለው ቤተሰብ በየዕለቱ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የሚዘጋበት፣ እንግዳም የማይስተናገድበት የተወሰነ ሰዓት ሊመድብ ይችላል። ይህም ካልተቻለ ተማሪው በትምህርት ቤቱ ወይም በአካባቢው ቤተ መጻሕፍት እንዲያጠና ማመቻቸት ይቻላል። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ተማሪው ዋናውን ጥናቱን በቀን ብርሃን ቢያከናውን ይመረጣል።

ከገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ስንቅ በመላክ ብቻ መወሰን የለባቸውም። በተቻለ መጠን እየሄዱ ማየት፣ ከክፍል ኃላፊ መምህሩ ጋር መነጋገርና በከተማው ውስጥ ልጁን በቅርብ የሚከታተል ዘመድ ወይም ወዳጅ መኖሩን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

ያልተማረ ወላጅም ሊረዳ ይችላል

ትምህርቱን የማያውቁ ወላጆች «ምን ልረዳው እችላለሁ?» ሲሉ ይደመጣሉ። ሆኖም የሚከተሉትን ለማድረግ የትምህርት ደረጃ አይጠይቅም።

• ተማሪው የዕለቱን ጥናት በራሱ አንደበት እንዲያስረዳ መጠየቅ። ለሌላ ሰው ማስረዳት የቻለውን በሚገባ ይዞታል፤ የተደናቀፈበት ቦታ ደግሞ ተመልሶ ሊያየው የሚገባው ነው።
• የቀደሙ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን ሰዓት ይዞ እንዲሠራ ማድረግና ሰዓቱን መቆጣጠር። ደብተርን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ መጽሐፍ ዘግቶ ጥያቄ መሥራት ትምህርቱን በይበልጥ ያጸናል።
• ሁሉም የትምህርት ዓይነቶች በሳምንቱ ውስጥ ተራ እንዲደርሳቸው የጊዜ ሰሌዳ አብሮ ማውጣት። ተማሪዎች የሚወዱትን እየደጋገሙ የሚከብዳቸውን ወደ ኋላ የመግፋት ዝንባሌ አላቸው።
• በስልክ አጠቃቀም ላይ መስማማት። በጥናት ሰዓት ስልኩ በሌላ ሰው እጅ ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ስምምነቱን ሌላውም የቤተሰብ አባል ሊያከብረው ይገባል።

እንቅልፍ፣ ምግብና ጤና

በዚህ ዕድሜ የሚገኙ ወጣቶች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋቸዋል። ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት ትጋት ቢመስልም አእምሮ የተማረውን እንዳይዝ ያደርጋል። ለመንቃት ሲባል ጫት መቃምም ሆነ ቡና ማብዛት እንቅልፍን ያዛባል፤ ጭንቀትንም ያባብሳል። ምግብን በተመለከተ የተለየ ወጪ አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ያለውን ሽሮ፣ ምስር፣ አትክልትና እንቁላል በሰዓቱ ማቅረብ ይበቃል። የፈተናው ጊዜ ከጾም ጋር ሲገጣጠም ቤተሰቡ ከልጁ ጋርና እንደ አስፈላጊነቱ ከሃይማኖት አባት ጋር ቢመካከር መልካም ነው።

አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የስኳር ሕመም ወይም ሌላ ክትትል የሚፈልግ ሕመም ያለበት ተማሪ ወላጅ ጉዳዩን አስቀድሞ ለትምህርት ቤቱ ማሳወቅና ለፈተናው ቀናት የሚበቃ መድኃኒት ከሐኪም ማስረጃ ጋር ማዘጋጀት አለበት። የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎችም የሚያስፈልጋቸው ድጋፍ እንዲመቻች በምዝገባ ወቅት ማሳወቅ ይገባል።

ከልጅ ጋር የሚደረግ ንግግር

«ካላለፍክ ዓይንህን አላይም»፣ «የጎረቤት ልጅ አልፋ አንቺ ብትወድቂ ምን እባላለሁ?» የሚሉ ንግግሮች ከፍቅርና ከስጋት የሚመነጩ ቢሆኑም በፈተና አዳራሽ ውስጥ ተማሪውን የሚያስጨንቁ ሸክሞች ናቸው። ወላጅ ከውጤቱ ይልቅ ጥረቱን ቢያመሰግን፣ ፍርሃቱንም ሳያቋርጥ ቢያዳምጥ ልጁ ይረጋጋል። ልጁ ይዞት ሊሄድ የሚገባው ቃል ግልጽ ነው፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ወደ ቤቱ በክብር እንደሚመለስ ማወቅ አለበት።

ተማሪው ለብዙ ቀናት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ከሰው ከሸሸ ወይም ያለ ምክንያት የሚያለቅስ ከሆነ በዝምታ ማለፍ አይገባም። ስለ መሞት የሚናገር ከሆነ ደግሞ ነገሩን እንደ ቀልድም ሆነ እንደ ማስፈራሪያ ሳይቆጥሩ፣ ብቻውን ሳይተዉት በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

«ፈተናው ወጥቷል» ከሚሉ ይጠንቀቁ

ፈተናው ሲቃረብ በቴሌግራምና በሌሎች ማኅበራዊ ሚዲያዎች «የፈተናው መልስ በእጃችን ነው» በማለት ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች ይኖራሉ። ወላጅ ለእነዚህ ሰዎች ሲከፍል ገንዘቡን ከማጣቱም በላይ ልጁ በራሱ ጥረት እንዳይተማመን ያደርገዋል። በፈተና ስርቆት ወይም ኩረጃ የተገኘ ተማሪ ውጤቱ ሊሰረዝበት ይችላል። በመሆኑም ፈተናን የሚመለከት ማንኛውም መረጃ ከትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ሚኒስቴርና ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ይፋዊ ገጾች ብቻ መወሰድ ይኖርበታል።

ከጉዞ በፊት ባለው ሳምንት

• በአድሚሽን ካርዱ ላይ የተጻፈው ስም፣ ፎቶግራፍና የትምህርት ዘርፍ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ፤ ስህተት ካለ ወዲያውኑ ለትምህርት ቤቱ ማመልከት።
• የጉዞውን ቀን፣ የመነሻ ቦታውንና የተመደበበትን ዩኒቨርሲቲ ከትምህርት ቤቱ ማጣራት።
• በዓመቱ መመሪያ መሠረት አልባሳት፣ የመኝታ ልብስና የንጽሕና መጠበቂያ ማዘጋጀት፤ ለሴት ተማሪዎች የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያን አለመዘንጋት።
• ሞባይል ስልክ፣ ስማርት ሰዓትና መሰል ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በሻንጣ ውስጥ አለመኖራቸውን ከልጁ ጋር ማየት።
• አዲስ ትምህርት ከመጀመር ይልቅ የተጠናውን መከለስና በጊዜ መተኛት።

ውጤት ከተገለጸ በኋላ

ውጤት በሚገለጽበት ቀን ወላጅ ከልጁ አጠገብ ቢሆን ይመከራል። በውጤቱ ላይ ቅሬታ ያለው ተማሪ አገልግሎቱ በሚያሳውቀው የጊዜ ገደብና አሠራር ማመልከት ይችላል። 50 በመቶ ያላመጡና ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚወስነውን ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች በማካካሻ (ሪሚዲያል) ትምህርት ዳግም ዕድል የሚያገኙበት አሠራር ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ተዘርግቷል። ከዚህ ሌላ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና መከታተል ወይም በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ይቻላል። እነዚህን አማራጮች ከፈተናው በፊት ያወቀ ቤተሰብ ውጤቱን ተረጋግቶ ለመቀበልና ልጁን ወደሚቀጥለው መንገድ ለመምራት ይችላል።

ለተጨማሪ ማብራሪያ ወላጆች የልጃቸውን ትምህርት ቤት ወይም በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ።