ቤት የሚያረዝመውና ቤት የሚያሳጥረው ዕድሜ

ፈረንሳዮች በ1888 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቆረቆሯት ጅቡቲ የወደብ ከተማ ናት። ወደብ ባለበት እህል ይራገፋል፤ እህል ባለበት አይጥ፣ አይጥ ባለበትም ድመት አይጠፋም። ከከተማዋ ወደ ደቡብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ሲባል ግን ሌላ የድመት ወገን ይገኛል። ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም በርትራን ላፍራንስ በ2001 የመሠረተው ዴካን የተሰኘ ማኅበር ከሰዎች እጅ የተወረሱ አቦ ሸማኔዎችን የሚያስጠልልበት ሥፍራ ነው። የቤት ድመትና አቦ ሸማኔ ዘመዳሞች ናቸው። ሆኖም የሰው ቤት የአንዷን ዕድሜ ሲያረዝም የሌላውን ያሳጥራል። ለዚህም ታሪካዊ ምክንያት አለው።

የቤት ድመት ዘሯ ከአፍሪካው የዱር ድመት ይመዘዛል። በ2004 ይፋ የሆነ የቆጵሮስ ደሴት ግኝት፣ ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ድመት ከሰው አጠገብ መቀበሩን አሳይቷል። በቀይ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ጥንታዊት የግብፅ ወደብ በረኒቄም ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት የተቀበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድመቶች ተቆፍረው ወጥተዋል። እነዚህ ለአማልክት የተሠዉ አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ የብረት ማሠሪያ ወይም ዶቃ በአንገታቸው እንዳለ ነው የተገኙት። ድመት ወደ ሰው መንደር የገባችው አይጥን ተከትላ በገዛ ፈቃዷ ነው ተብሎ ይታመናል። ማንም በወጥመድ አልያዛትም።

ዕድሜዋ እየረዘመ የመጣው ግን በቅርቡ ነው። በ1964 በግላስጎው የድመትን የደም ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ተገኘ፤ ክትባቱ ከሃያ ዓመት በኋላ ተከተለ። በ1987 ደግሞ ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር በምግቧ ውስጥ ሲጎድል ልቧ እንደሚደክም ታወቀ። በብሪታንያ በ2015 የታተመ ጥናት፣ ከሞቱት ድመቶች ግማሾቹ 14 ዓመትና ከዚያ በላይ እንደኖሩ አመልክቷል። ዘራቸው የተመረጠ ድመቶች ከተራዎቹ ቀድመው ይሞታሉ። አምስት ዓመት ያልሞላትን ድመት ከሁሉ ይልቅ የሚገድላት አደጋ፣ በተለይም መኪና ነው። ከዚያ በኋላ ተራው የኩላሊት ነው። እስካሁን ከተመዘገቡት ሁሉ ረጅም ዕድሜ የኖረችው የቴክሳሷ ክሬም ፐፍ በ1967 ተወልዳ በ2005 ስትሞት 38 ዓመት ከሦስት ቀን ሆኗት ነበር። ይህ ግን ብርቅ ነው።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ለኩላሊቷም ይሠራል። የበረሃ ዝርያ በመሆኗ ኩላሊቷ ውኃን ቆጥቦ ሽንትን ያወፍራል፤ እርሷም ጥማት ቶሎ አይሰማትም። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በጅቡቲ ጥላና ንጹሕ ውኃ የማታጣ ድመት ኩላሊቷ ይህን ያህል አይጎዳም። የዓሣ ነገርም መታየት ይኖርበታል። ጥሬ ዓሣ ብቻ የምትቀለብ ድመት የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ሊያገኛት፣ እስከ መንቀጥቀጥም ሊያደርሳት ይችላል። ማኮላሸትም ዕድሜን ያረዝማል፤ የተኮላሸ ወንድ ድመት ለጠብና ለእንስት ፍለጋ ሲል መንገድ ማቋረጡን ይቀንሳል።

አቦ ሸማኔን በተመለከተ የሰው ልጅ ሙከራ ረጅም ቢሆንም አልሰመረም። ከ1556 እስከ 1605 የነገሠው የህንዱ ሙጋል ንጉሥ አክባር በአንድ ጊዜ 1,000 ያህል አቦ ሸማኔዎች እንደነበሩት ልጁ ጃሃንጊር ጽፏል። ከእነዚያ ሁሉ መካከል የወለደችው አንዲት ብቻ ነበረች። በምርኮ ሥር የተወለደ አቦ ሸማኔ እንደገና የተመዘገበው በ1956 በፊላደልፊያ መካነ እንስሳት ነው። በ1982 በኦሪገን በተነሣ ወረርሽኝ የቤት ድመቶች አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ የሚያልፉት የኮሮና ቫይረስ በአንድ መካነ እንስሳት ከነበሩት አቦ ሸማኔዎች ከግማሽ በላይ ፈጀ። ዝርያቸው እርስ በርስ እጅግ የተመሳሰለ በመሆኑ በሽታ አንዱን ካገኘ ሌላውንም ያገኛል።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ንግዱ አልቆመም። አቦ ሸማኔን ለንግድ ማዘዋወር በዓለም አቀፍ ስምምነት ከ1975 ጀምሮ የተከለከለ ቢሆንም፣ ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከሶማሊያ የሚሰረቁ ደቦሎች በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ ዐረብ አገሮች ይሻገራሉ። ብዙዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ይሞታሉ። የእናት ወተት ያጣ፣ አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ የሚጎርስ ደቦል አጥንቱ ለስልሶ ይጣመማል። በመልካም መካነ እንስሳት ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችለው አውሬ በአንድ ሳሎን ምንጣፍ ላይ በወራት ያልቃል።

ከጅቡቲ ደቡብ በሚገኘው መጠለያ የሚደርሱት የተረፉት ናቸው። የአቦ ሸማኔ እናት ልጇን አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይዛ አደን ታስተምረዋለች። ያንን ትምህርት ያጣ እንስሳ ወደ ዱር ቢለቀቅ በረሃብ ስለሚሞት፣ የቀረው ዕድሜ ምንም ያህል ቢረዝም በአጥር ውስጥ ሥጋ እየቀረበለት የሚያሳልፈው ነው።