ወደ ካሊፎርኒያ የሚወስደው መንገድ በማን ተጠረገ?

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላል የአበው ብሂል። ካሊፎርኒያ ግን ለዚህ ብሂል የማትገዛ ይመስላል፤ በዓይናቸው ያላዩአት ብዙዎች ይናፍቋታልና። ከአዲስ አበባ ወይም ከናይሮቢ ተነሥቶ ዘመዱን ለመጠየቅ ወደዚያ የሚሻገር መንገደኛ፣ በሁለት ሳምንት ዕረፍት ባሕሩንም፣ ተራራውንም፣ በረሃውንም እጐበኛለሁ ብሎ ያስባል። ካርታውን ሲዘረጋ ግን ግዛቲቱ ከአሳቡ በላይ ትሰፋበታለች።

የካሊፎርኒያ ስፋት 424 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በምሥራቅ በኩል የሞት ሸለቆ የሚባለው በረሃ ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ይወርዳል፤ ከዚያ ከ150 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ደግሞ የዊትኒ ተራራ 4,421 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። የዳሎልን ዝቅታና የራስ ዳሽንን ከፍታ ለሚያውቅ አንባቢ ሁለቱ ዓይነት ምድር እንግዳ አይሆኑበትም፤ የሚያስደንቀው ጉርብትናቸው ነው። በሞት ሸለቆ በሐምሌ 1913 የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በዓለም ክብረ ወሰንነት ተይዞ ይገኛል። ስለዚህ በረሃውን በክረምት፣ ከፍተኛውን ተራራ በበጋ መጐብኘት ይመረጣል። የሴራ ኔቫዳን ተራሮች የሚያቋርጠው የታዮጋ መንገድ በበረዶ ምክንያት ከኅዳር ገደማ እስከ ግንቦት ወይም ሰኔ ይዘጋል። የዕረፍት ዕቅድ የመጀመሪያ ሕግ እንግዲህ መምረጥ ነው፤ ሁሉን ላይ ያለ መንገደኛ ቀኑን በመኪና ውስጥ ይጨርሳል።

ይሁን እንጂ ካርታው የማይናገረው ሌላ ጉዳይ አለ። ዛሬ መንገደኛው እንደ ልቡ የሚመርጣቸው ቦታዎች በየዘመኑ ለአንዱ ተከፍተው ለሌላው የተዘጉ ነበሩ።

የዮሰሚቲን ሸለቆ እንመልከት። የወርቅ ፈላጊዎች ጐርፍ ካሊፎርኒያን ባጥለቀለቀበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1851፣ የማሪፖሳ ሻለቃ የተባለ ጦር ወደ ሸለቆው ዘልቆ ነባሮቹን የአዋኒቺ ሰዎች ከመንደራቸው አባረረ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1855፣ ጄምስ ሃቺንግስ የተባለ ሰው የመጀመሪያዎቹን አገር ጐብኚዎች ወደዚያው ሸለቆ መርቶ ገባ። በ1864 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ሸለቆው ለሕዝብ መዝናኛ እንዲጠበቅ የሚያዝዘውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ታላቅ ሥራ ነበር፤ በዓለም ለተስፋፋው የብሔራዊ ፓርክ አሳብም መንገድ ከፍቷል። «ሕዝብ» በተባለው ቃል ውስጥ ግን የተባረሩት አልተቈጠሩም። ከነባሮቹ ተወላጆች ወደ ሸለቆው ተመልሰው በጉልበት ሥራ ያደሩ ነበሩ፤ የመጨረሻው መንደራቸውም በ1969 ፈርሷል።

ከምሥራቅ አሜሪካ ተነሥቶ ካሊፎርኒያ መድረስ ወራት የሚፈጅ ጉዞ ነበር። በግንቦት 1869 አህጉሩን የሚያቋርጠው የባቡር ሐዲድ ሲጠናቀቅ ወራቱ ወደ ሳምንት ገደማ አጠሩ፤ ለዕረፍት መጓዝም ለባለጸጎች የሚቻል ሆነ። የምዕራቡን ሐዲድ በሴራ ኔቫዳ አለት ላይ የዘረጉት በብዛት ቻይናውያን ሠራተኞች ነበሩ። ወደ ዮሰሚቲ የሚወስዱት የዋዎናና የታዮጋ መንገዶችም በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ሲሠሩ የእነርሱ ጉልበት ፈስሶባቸዋል። የታዮጋ መንገድ በ1883 ሲጠናቀቅ ግን የቻይና ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚከለክለው ሕግ ከወጣ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። መንገዱን የጠረገው እጅ በመንገዱ መጨረሻ በሩ ተዘጋበት።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወስ የሚገባው የሻምበል ቻርልስ ያንግ ታሪክ ነው። ያንግ በ1864 በኬንታኪ ከባሪያ ቤተሰብ ተወልዶ፣ በ1889 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ የተመረቀ ሦስተኛው ጥቁር መኰንን ነው። በ1903 የሴኳያ ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ፤ ብሔራዊ ፓርክን በመምራትም የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። ከእርሱ በፊት ለዓመታት ሲንከባለል የቈየውን የሠረገላ መንገድ፣ የጥቁር ፈረሰኞች ወታደሮቹን ይዞ በአንድ በጋ ወደ ግዙፎቹ ዛፎች ደን አደረሰው። ዛሬ 84 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የጄኔራል ሸርማን ዛፍ አንጋጥጦ የሚያየው ጐብኚ ለያንግ ወታደሮች ባለዕዳ ነው። የአካባቢው ሰዎች አንድ ዛፍ በስሙ ሊሰይሙለት ሲፈልጉ፣ ከ20 ዓመት በኋላም አሳባቸው ካልተለወጠ ያን ጊዜ እንዲያደርጉት ነገራቸው። ያንግ በ1922 መጀመሪያ በሌጎስ፣ ናይጄሪያ፣ በሥራ ላይ ሳለ ዐረፈ። ዛፉም በስሙ የተሰየመው በ2004 ነው።

አውቶሞቢል ሲስፋፋ ዕረፍት ከባለጸጎች እጅ ወጥቶ ወደ ሠራተኛው ቤተሰብ ወረደ። በ1926 መንገድ ቁጥር 66 ተሰየመ። በ1937 ደግሞ በቢግ ሰር ገደል ላይ፣ ከውቅያኖሱ በላይ የሚሄደው ጐዳና ተከፈተ፤ ከሠሩትም መካከል እስረኞች ነበሩበት። ጥቁር ቤተሰብ ግን ከመነሣቱ በፊት ከስንቁ ጋር አንድ መጽሐፍ ይዞ መውጣት ነበረበት። በኒው ዮርክ በሃርለም የሚኖረው ፖስተኛ ቪክቶር ሁጎ ግሪን ከ1936 ጀምሮ ያሳትመው የነበረው «አረንጓዴው መጽሐፍ»፣ ጥቁር መንገደኛ ሳይዋረድ የሚያድርበትንና የሚመገብበትን ቤት ይዘረዝር ነበር። በሎስ አንጀለስ ሴንትራል ጐዳና ላይ በ1928 የተከፈተውና በኋላ ደንባር የተባለው ሆቴል፣ እንደ ዱክ ኤሊንግተን ያሉ ስመ ጥር ሙዚቀኞች ያረፉበት ነበር። ካሊፎርኒያ እንደ ደቡቦቹ ግዛቶች በሕግ የጸና ልዩነት ባይኖራትም፣ «ክፍል የለም» የሚለው መልስ ከሕግ ያላነሰ ኃይል ነበረው። ግሪን መጽሐፉ የማያስፈልግበት ቀን እንደሚመጣ ተስፋ ያደርግ ነበር፤ ሕትመቱ የቆመው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ከወጣ በኋላ ነው።

የባሕሩ ዳርቻም የራሱ ቊስል አለው። በ1912 ዊላ ብሩስ የተባለች ጥቁር ሴት በማንሃተን ቢች ከተማ በውቅያኖሱ ዳር ቦታ ገዝታ፣ ከባሏ ከቻርልስ ጋር ጥቁሮች የሚዝናኑበት ማረፊያ አቋቋመች። በ1924 የከተማው አስተዳደር ለመናፈሻ እፈልገዋለሁ በማለት ቦታውን ለመውረስ ወሰነ፤ ቤቶቹ ፈረሱ፣ መሬቱም ለብዙ ዘመን ባዶውን ተቀመጠ። የሎስ አንጀለስ አውራጃ መሬቱን ለወራሾቹ የመለሰው በ2022 ነው። በቀጣዩ ዓመት ወራሾቹ በ20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መልሰው ለአውራጃው ሸጡት። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ በሦስትና በአራት ትውልድ መካከል የጠፉት የበጋ ቀኖች ግን የሚመለሱ አይደሉም።

እንዲህም ሆኖ በሩ በየጊዜው ሰፋ እንጂ አልጠበበም። በ1972 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ባሕሩ ዳርቻ በግል ይዞታ እንዳይታጠር በድምፁ ወሰነ፤ በ1976 የወጣው ሕግም ውሳኔውን አጸናው። ባሕሩ በሚያረጥበው አሸዋ ላይ መራመድ ዛሬ የማንኛውም ሰው መብት ነው። በ2002 ደግሞ የሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጐዳና ላይ ያለውን ሠፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመ። ትናንት መንገደኛው ማን እንደሚያስተናግደው ከመጽሐፍ በሚፈልግባት ከተማ፣ የኢትዮጵያ ስደተኞች በፈንታቸው አስተናጋጅ ሆነው እንጀራ ያቀርባሉ፣ ቡና ያፈላሉ።

እንግዲህ ወደ ካሊፎርኒያ የሚያቀና መንገደኛ ወራቱን ይምረጥ፣ ርቀቱን ይለካ፣ ማደሪያውን አስቀድሞ ይያዝ። ከግዙፎቹ ዛፎች ሥር ሲቆም ሻምበል ያንግን፣ የታዮጋን ዳገት ሲወጣ ስማቸው ያልተጻፈውን ቻይናውያን፣ በማንሃተን ቢች አሸዋ ላይ ሲቀመጥ ዊላ ብሩስን ያስታውስ። መንገዱ በእነርሱ ተጠርጓልና።