ሁለት ስም የወጣላት ዝንብ፦ የማንጎ ትላችን ታሪክ

የቆቦና የራያ ቆላ አርሶ አደሮች፣ ዛሬ ስለ አንዲት ዝንብ ታሪክ ላውጋችሁ። ትልቅነቷ ከቤት ዝንብ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ማንጎ ወይም ዘይቱን ያላችሁ ግን ጉዳቷን ታውቃላችሁ፤ ከውጭ ያማረ ፍሬ ሲቆረጥ ውስጡ በነጭ ትል ተበልቶ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1912 ፍሪድሪክ ሄንዴል የተባለ ኦስትሪያዊ የነፍሳት ተመራማሪ ከታይዋን የተገኘች ዝንብ መርምሮ «ዶርሳሊስ» የሚል ስም አወጣላት። ለብዙ ዘመን የእስያ ዝንብ ተብላ ኖረች፤ በ1940ዎቹ ሃዋይ ደሴቶችም ገባች።

በ2003 ደግሞ (በእኛ 1995 ዓ.ም. ገደማ) ኬንያ ውስጥ በባሕር ዳርቻው በኩል ተመራማሪዎች ባጠመዱት ወጥመድ በአፍሪካ ታይታ የማታውቅ ዝንብ ገባች። በስሪላንካም ተገኘች። በ2005 ድሩ፣ ሱሩታና ዋይት የተባሉ ሦስት ባለሙያዎች «አዲስ ዝርያ ናት» ብለው «ኢንቫደንስ» አሏት፤ ወራሪ ማለት ነው። ስሟም ልክ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት የእኛን አገር ጨምሮ አብዛኛውን አፍሪካ አዳረሰች። የውጭ ገበያዎችም እሷ ካለችበት አገር ፍራፍሬ አንቀበልም ማለት ጀመሩ።

ቆይቶ ግን ጥያቄ ተነሣ፦ በእርግጥ ከእስያዋ ትለያለች ወይ? የጀርባዋ ቀለም አንዳንዴ ቀላ ያለ፣ አንዳንዴ ጥቁር ነው። ግን ቀይ ላምና ጥቁር ላም ቀለማቸው ስለተለያየ ብቻ ዘራቸው ሌላ ነው እንላለን? አንድ ማሽላስ በሁለት ቀበሌ ሁለት ስም ይኖረው የለ! ተመራማሪዎች ሁለቱን አዳቀሏቸው፤ ጤነኛ ልጅ ወለዱ። ዘረመላቸውንም አመሳከሩ። በ2014 ከብዙ አገር የተውጣጡ ባለሙያዎች «አንድ ናቸው» ብለው ወሰኑ፤ ኢንቫደንስ የሚለው ስም ቀርቶ ሁሉም ዶርሳሊስ ሆነች።

ታዲያ ይሄ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? አንደኛ፣ ዝንቧ አንድ ከሆነች ሌላው አገር በሷ ላይ የተማረው ለእኛም ይሠራል። ወንዱ ሜቲል ዩጂኖል በሚባል ሽታ ተስቦ ወጥመድ ውስጥ ይገባል። በዝንቧ እንቁላል ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል ትንሽ ተርብም አለች፤ ሃዋይ ላይ ውጤት ስላሳየች በ2006 ወደ ኬንያ መጥታለች። ሁለተኛ፣ ዶርሳሊስ ቀድሞውኑ ያለችበት አገር «ኢንቫደንስ እንዳትገባብኝ» ብሎ የአፍሪካን ፍሬ የሚመልስበት ምክንያት አይኖርም።

ወደ ማሳችን እንምጣ። እናትየዋ እንቁላሏን ከፍሬው ልጣጭ ሥር ትጥላለች። ትሉ ውስጥ ሆኖ ስለሚበላ ከላይ የሚረጭ መድኃኒት አይደርስበትም። ሲጠግብ አፈር ውስጥ ገብቶ የስንዴ ፍሬ በምታክል ቡናማ ቅርፊት ይተኛል፤ ከዚያ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የወደቀ ፍሬ ከዛፉ ሥር አይደር! ሰብስባችሁ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ቅበሩት፣ ወይም ጥቁር ላስቲክ ውስጥ አስራችሁ ፀሐይ ላይ ለቀናት አቆዩት። የአንድ ሰው ጽዳት ብቻውን አይበቃም፤ የጎረቤት ዝንብ አጥር አያግዳትምና አብራችሁ ሥሩ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ትል ያለበት ፍሬ ካገኛችሁ አንዱን ትንሽ አፈር ባለበት ባልዲ አስቀምጡና አፉን በስስ ጨርቅ እሰሩት። በሁለት ሦስት ሳምንት ዝንቡ ሲወጣ ቀኑንና የቀበሌውን ስም ጽፋችሁ ለልማት ጣቢያችሁ ባለሙያ ስጡ። ያቺ ዝንብ የት እንደደረሰች ኬንያ ላይ የታወቀው አንድ ሰው ወጥመዱን ከፍቶ ስላየ ነው። የእኛንም ማሳ ከእናንተ ቀድሞ የሚያየው የለም።