ከጉድጓድ ወደ ጣሪያ፦ የትራም ጥገና ዴፖና የስጋት ትንተና ታሪክ



የትራም አደጋ ሲነሣ ሐሳባችን የሚሮጠው ወደ ጎዳናው ነው። እኔ ግን ዛሬ ከአጥር በስተጀርባ ወዳለው የጥገና ዴፖ ልወስዳችሁ እወዳለሁ። በዚያ ትራሙ ቆሟል፣ ወይም በእግረኛ ፍጥነት ይንቀሳቀሳል፤ ስጋቱ ግን ከጎዳናው አያንስም።

ለረጅም ዘመን የትራም መሣሪያ የሚበዛው ከወለሉ በታች ነበር። ሠራተኛውም በሐዲዱ መካከል በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ አንጋጦ ይሠራ ነበር። የሚፈራው ነገር የታወቀ ነው፦ ጉድጓድ ውስጥ መውደቅ፣ ወይም ከላዩ ያለው ትራም ሳይታሰብ መንቀሳቀስ።

ይህን ሥርዓት የለወጠው ዝቅተኛው ወለል ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በፈረንሳይዋ ግሬኖብል ከተማ ሥራ የጀመረው ትራም፣ በአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ብርቱ ግፊት፣ ተሽከርካሪ ወንበር እንዲያስገባ ተደርጎ ተሠራ። ወለሉ ዝቅ ባለ ቁጥር ግን መሣሪያው ከሥር ቦታ አጣ፤ ከዓመት ወደ ዓመትም ወደ ጣሪያው ወጣ። ቴክኒሻኑም ተከትሎት ወጣ፤ ኤሌክትሪክ ወደሚያልፍበት ሽቦ ተጠጋ፣ ከከፍታ የመውደቅ ስጋትም ተጨመረበት። ይህን የምለው ዝቅተኛውን ወለል ለመንቀፍ አይደለም፤ ተገቢ ድል ነበር። ነገር ግን ስለዚያ ድል የተጻፈው ሁሉ ተሳፋሪውን እንጂ ጣሪያ ላይ የወጣውን ሰው እምብዛም አያነሣም።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም የዚህ ትውልድ ልጅ ነው። 41 ትራሞቹ በ750 ቮልት የዲሲ ኤሌክትሪክ ይሠራሉ፤ ዴፖዎቹም በቃሊቲና በአያት ይገኛሉ።

እንዲህ ባለ ዴፖ የስጋት ትንተና ዋና ጥያቄ «ኤሌክትሪኩ መቋረጡን ማን አረጋገጠ?» የሚለው ነው። ማጥፊያውን መዝጋት ብቻ አይበቃም። ሽቦው በመሣሪያ ይፈተሻል፣ ከመሬት ጋር ይያያዛል፣ ማጥፊያው ይቆለፋል፣ ቁልፉም ጣሪያ ላይ በሚወጣው ሰው እጅ ይሆናል። ፓንቶግራፉ ከወረደ በኋላ እንኳ በካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው ኃይል ሊገድል ይችላል። ከዚህ የረቀቀም አለ፦ ኤሌክትሪክ ካለበት ሽቦ ወደተቋረጠበት የሚሻገር ትራም፣ በፓንቶግራፉ ሁለቱን ለቅጽበት አገናኝቶ ጠፍቷል የተባለውን ሽቦ መልሶ ሕያው ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የትራሙ መግቢያ ጭምር መዘጋት አለበት።

ስጋትን የመመዘን ሕጋዊ አስተሳሰብ ግን ከባቡር ዓለም አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1949 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ድጋፍ ያልተደረገለት የማዕድን ማውጫ መተላለፊያ ተደርምሶበት ስለሞተ ሠራተኛ ፍርድ ሰጠ። የድንጋይ ከሰል ቦርዱ መተላለፊያዎቹን ሁሉ መደገፍ ወጪው አይቻልም ብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ስጋቱን በአንድ ወገን፣ ወጪውን በሌላ ወገን አስቀምጦ፣ ወጪው ከስጋቱ እጅግ የገዘፈ ካልሆነ አሠሪው ነፃ አይሆንም አለ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጦር የእያንዳንዱን ዕቃ ብልሽትና መዘዙን በዝርዝር የሚመረምር መመሪያ አወጣ። ዛሬ የምናየው ሰንጠረዥ ከሁለቱም ወገን ወርሷል።

እንደ ታሪክ ሰው ሰንጠረዡን አልንቅም፤ ግን በጥርጣሬ አነበዋለሁ። የአደጋው ዕድል የሚሰላው ከመዝገብ ነው፤ ቴክኒሻኑ ለጥቂት የተረፈበት ቀን ካልተመዘገበ ስሌቱ ከየት ይመጣል? ሥራውም ይለወጣል። በአዲስ አበባ ብዙ ትራሞች በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸው በይፋ የተነገረ ነው። ለመደበኛ ጥገና የተዘጋጀ ትንተና፣ ለወራት ስለቆመና ሐዲድ ስለያዘ ትራም የሚለው ጥቂት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰነድ ሲቀርብልኝ ከቁጥሮቹ አስቀድሜ የማየው የተጻፈበትን ቀንና የፈራሚዎቹን የሥራ መደብ ነው፤ ከመካከላቸው ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው አለን?