የፈረስ ስምና የፈረስ ሰኮና

አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ዲላ ገበያ ላይ አንድ ዳማ ፈረስ ሲገዛ አብሬው ነበርሁ። አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየ፤ ዕድሜውን ገመተ፤ አንገቱን ዳበሰ፤ የግንባሩን ቦቃ አይቶ «ይህስ ባለ ዕድል ነው» አለ። እግሩን ግን አንሥቶ አላየም። ገንዘቡ ተቆጥሮ ልጓሙ በእጃችን ከገባ በኋላ፣ ከቡሌ ደጋ ገብስ ጭነው የወረዱ አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተውን እንደተቀመጡ ፈረሱ ድንጋይ ሲረግጥ ሰሙና ዞር አሉ። አንዱ እግሩ እንደ ሌሎቹ አይጮኽም አሉን። አባቴ ሣቀ። እኔም አብሬው ሣቅሁ።

በዚያ ሣቅ ያፈርሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ዜኖፎን የተባለው የግሪክ የጦር መሪ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምእት ዓመት ስለ ፈረስ ግልቢያ በጻፈው ድርሳን፣ ፈረስ የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እግሩን ይመርምር ይላል፤ መሠረቱ የማይረባ ቤት ላዩ ቢያምር ምን ይፈይዳል በሚል ምሳሌ። ጥሩ ሰኮና ወፍራም እንደሆነ፣ መሬት ሲመታም እንደ ጸናጽል እንደሚያስተጋባ ይነግረናል። የቡሌው ሽማግሌ ዜኖፎንን አላነበቡም፤ የሰሙት ግን እርሱ ስሙ ያለውን ነው።

የእኛ ታሪክ ከፈረስ የወሰደው ስሙን ነው። ከኦሮሞ ባህል የመጣው በፈረስ ስም የመጠራት ልማድ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው አሰኝቷል። ዛሬ ጌዴኦ በምንለው ምድር ላይ ሥልጣን የነበራቸው የሲዳሞው ገዥ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም አባ ነፍሶ ነበሩ። ፈካሪ የጌታውን ፈረስ ስም ጠርቶ ይፎክራል፤ ለፈረሱ ሣር ያጨደውን ገባር ግን የሚጠራው የለም። ሰኮናውንማ ማን አስታውሶት!

በእርግጥ አንድ ምክንያት አለው። የደጋው ፈረስ ከጥንት ጀምሮ የሚሄደው በባዶ እግሩ ነበር፤ የብረት ጫማ የአገራችን ልማድ አልነበረም። በአውሮፓ እንኳ በሚስማር የሚመታው ጫማ በሰፊው የታወቀው ከ9ኛውና ከ10ኛው ምእት ዓመት ወዲህ ነው። ደግሞም መኳንንቱ ሩቁን መንገድ የሚሄዱት በበቅሎ ነበር፤ ፈረሱ እየተሳበ ይከተልና የሚጫነው ለውጊያው ነው። ሰኮና በወር ቢበዛ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ዓለቱ ደግሞ ያንኑ ያህል ይበላለታል። ዕድገቱና ብልቱ እስከተመጣጠኑ ድረስ ቀጥቃጭ አያስፈልግም። ገቢና ወጪ በማስታረቅ የምተዳደር የባንክ ሠራተኛ ነኝና ይህ ሒሳብ ደስ ይለኛል።

ሒሳቡን ያፋለሱት ጋሪና አስፋልት ናቸው። ከሐዋሳ በዲላ አድርጎ ወደ ሞያሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ሸክም የሚጎትት ፈረስ ሰኮናው ከሚያድገው በላይ ያልቃል፤ ስለዚህ ብረት ይመታለታል። ብረቱ ግን ሌላ ዕዳ ያመጣል። ሰኮናው ከሥሩ ማለቁን ያቆምና ወደ ፊት ይረዝማል፤ ተረከዙ ይወድቃል፤ ከእግሩ ኋላ ያለው ጅማት ከመጠን በላይ ይወጠራል። በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ብረቱ ተነቅሎ፣ ሰኮናው ተከርክሞና ተሞርዶ እንደገና መመታት አለበት።

ሚዛኑን ለማወቅ ፈረሱን ደልዳላ መሬት ላይ ማቆም ነው። ከጎን ሲታይ የሰኮናው ግንባር ከበላዩ ካለው የእግሩ ዘንበል ጋር አንድ መስመር ይሠራል፤ መስመሩ ከተሰበረ ወይ አፍንጫው ረዝሟል፣ ወይ የተረከዙ ቁመት ተዛብቷል። ከፊት ሲታይ ውስጡና ውጪው እኩል ናቸው። ሲራመድ ሁለቱ ጎኖች ባንድነት ያርፋሉ፤ አንዱ ቀድሞ ካረፈ የሠለጠነ ጆሮ ያውቀዋል። ብረቱም ለእግሩ ልክ ይቀጠቀጣል እንጂ እግሩ ለብረቱ ልክ አይሞረድም። ሚስማሩ ደግሞ ስሜት በሌለው ውጫዊ ቅርፊት ውስጥ ብቻ ያልፋል፤ ቅርፊቱና የእግሩ ሥር በሚጋጠሙበት ያለውን ነጭ መስመር ከተሻገረ ሥጋ ይወጋል።

ይህን የሚያውቅ እጅ ስለምን አነሰን? ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ቡዳ እያልን ከማዕዳችን ያራቅን ሰዎች ነን። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን በየቤቱ ቀረ። ማረሻችንንና ጦራችንን የሠራውን ሰው ንቀን ስናበቃ፣ ለፈረሳችን እግር የሚጠበብ ባለሙያ ከየት ይምጣ?

የእኛን ዳማ ያስመታንለት ሰውም ሙያውን ያስተማረው አልነበረም። ከፌሮ ቆርጦ ያጠፈውን ብረት መታበት፤ ከብረቱ የተረፈውን ሰኮና በሞረድ በላው፤ ውጪው ጎን ከፍ እንዳለ ቀረ። ሽማግሌው የሰሙት ጉድለት በዚያው ሞረድ ሊታረም ይችል ነበር። አባቴም ብረቱን በጊዜው አላስነቀለም፤ ፈረሱ አንድ ቀን ከቆመ ቤታችን ጦሙን ያድራል። የእኔ ደብተርና እርሳስ ይገዛ የነበረውም ከዚያው ገቢ ነው። በተከታዩ ክረምት ሰኮናው በጭቃ ርሶ ላላ፤ ፈረሱ ማነከስ ጀመረ፤ እያነከሰም ሠራ። መስቀል ሳይደርስ አንድ ማለዳ አልነሣም አለ።

አዲስ አበባ በሄድሁ ቁጥር አራዳ ላይ ከምኒልክ ሐውልት ሥር እቆማለሁ። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ዋዜማ የተመረቀ፣ ጣሊያን ነቅሎት ከነጻነት በኋላ የተመለሰ ሐውልት ነው። ሰው ሁሉ ንጉሡን ያያል። እኔ አየር ላይ የተነሡትን የፈረሱን ሁለት የፊት እግሮች አያለሁ፤ ምንም ሸክም አልወደቀባቸውም።

የዳማው ብረት ዛሬም በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ውጪው ጎን እንደ ቢላ ስለት ሳስቷል፤ ውስጡ ገና ከፌሮው እንደተቆረጠ ነው።