የነዳጅ ፍጆታ ማሳያ

የመኪና ዳሽቦርድ ከጉዞ ኮምፒውተር ጋር
ፕላስቲክ፣ መዳብ፣ ሲሊከን፣ ዲጂታል ስክሪን
በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.)
በቂርያት ጋት፣ እስራኤል መንገዶች የተለመደ ዓይነት

መርፌው የሚያሳየው በጋኑ ውስጥ የቀረውን ነዳጅ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰውም በነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ ዕቃ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን በስሌት የሚገኝ ነው። ኮምፒውተሩ ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ለምን ያህል ጊዜ ክፍት እንደቆዩ ለክቶ የፈሰሰውን ነዳጅ ያሰላል። የተጓዘውን መንገድ ከጎማዎቹ ዙር ያውቃል፤ ከዚያም ኪሎ ሜትሩን ለሊትር ያካፍላል።

መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ነዳጅ ያልቃል፣ ርቀት ግን አይጨምርም፤ ስለዚህ አማካዩ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ መኪናው ማርሽ ውስጥ እንዳለ አሽከርካሪው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ ኢንጀክተሮቹ ስለሚዘጉ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በቂርያት ጋት አጠገብ በሚያልፈው አውራ ጎዳና 6 ላይ፣ በመጠነኛና በማይለዋወጥ ፍጥነት መንዳት በየመብራቱ ከመቆም ያነሰ ነዳጅ ይፈልጋል።

በእስራኤል የተለመደው መለኪያ ኪሎ ሜትር በሊትር ነው። ከኢትዮጵያ ለመጡ የከተማዋ ነዋሪዎችም «በሊትር ስንት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። በአብዛኛው አውሮፓ ግን ለ100 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልገው ሊትር ይቆጠራል።

መለኪያው ንባቡን ይለውጣል፦ በሊትር ከ10 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ማደግ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ይቆጥባል፤ ከ20 ወደ 40 ማደግ ግን 2.5 ሊትር ብቻ።